ሃምሳ ሎሚ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በአዲስ አበባ በስተደቡብ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ንፋስ እና ላፍቶ። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ሥሯን ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ሰድዳ፣ ቅርንጫፏን እንደ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ያየችውን ሁሉ በሆዷ የምትይዝ ዛፍ ናት። ንፋስ ደግሞ የሰማውን ሁሉ የሚናገር ነው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚልክ የሬዲዮ ጣቢያ በሰፈሩ ሲተከል ሰዎች “ንፋስ ስልክ” ብለው ስም አወጡለት። ንፋስም ይህን ሰምቶ፣ “ድሮስ ያለ ሽቦ ሳወራ የኖርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?” ብሎ ሳቀ ይባላል። ይህን ተረት ግማሹን የሰማሁት ከእሱ፣ ግማሹን ከእሷ ነው። ነገራቸው ሲጋጭብኝ ያመንኩት ግን ላፍቶን ነው።

በላፍቶ ጥላ ሥር እመት ጦጢት ከሰባት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ዘመን ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ማሩም ጠጅ እየሆነ ወደ አያ አንበሶ አዳራሽ ይሄዳል። የድሃ ልጅ የሚያውቀው ሸንኮራ አገዳ ነው፤ እሱንም አኝኮ ይተፋዋል እንጂ አያስቀምጠውም። በ1946 ዓ.ም. ግን ከወደ ወንጂ አዲስ ወሬ መጣ። ኤች ቪ ኤ የሚሉት የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር አገዳ ተክሎ፣ ፋብሪካ አቁሞ፣ ስኳር ማውጣት ጀመረ። ንፋስም “እንደ አሸዋ የሚፈስ ማር መጣ!” እያለ ከሳሪስ እስከ መካኒሳ ዞረ።

እመት ጦጢት ግማሽ ኪሎ ገዛች። ከሰል አቀጣጠለች፣ ድስቱን ጣደች፣ ስኳሩን ከውሃው ጨመረች። ሟሟ፣ ፈላ፣ ወፈረ። ቅቤ በቀባችው ለስላሳ ድንጋይ ላይ ገለበጠችው። ሰባቱ ልጆች ምራቃቸውን እየዋጡ ከበቡት። ጥቂት ጊዜ መስታወት መስሎ አበራ። ከዚያ ዓይናቸው እያየ ደፈረሰ፤ ነጣ፤ ፍርክስክስ ብሎ ተመልሶ አሸዋ ሆነ። በማግስቱም ሞከረች፤ አሸዋ። በሦስተኛው ቀንም አሸዋ።

ጎረቤቷ እመት ኤሊ ቀስ እያለች መጣች። ከደረሰች በኋላም ቡናዋን ሳትጠጣ አልተናገረችም።

“ልጄ፣ ስኳር ወገን ወዳድ ነው” አለች። “ብታሟሚውም ዘሩን አይረሳም። በድስቱ ጠርዝ አንዲት ያልሟሟች ፍሬ ከቀረች፣ እሷ ‘ወገኖቼ፣ ወዲህ!’ ብላ ትጣራለች። ያኔ የሟሟው ሁሉ እየተጠራራ ይሰበሰብና ይደርቃል።”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ እማማ?”

“ሁለት ነገር። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሽ አንዲት ፍሬ አታስቀሪ። ሁለተኛ፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ሎሚ ሲነካው ከስኳሩ ጥቂቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የተከፈለውም በቀረው መሀል እየገባ አላሰባስብ ይለዋል። ሰው ሎሚ የጣፋጭ ጠላት ይመስለዋል። ጣፋጩን ከአሸዋነት የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።”

እመት ጦጢት እንደተባለችው አደረገች። ከሚፈላው በማንኪያ ጫፍ ወስዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ አደረገች። ጠብታው ደረቀ፤ ስትሰብረው “ቀጭ!” አለ። ያን ቀን ከድንጋዩ ላይ የተነሳው ከረሜላ ፀሐይን ያሳልፍ ነበር፤ ሳምንት ቢቀመጥም አልደፈረሰም። ከወንዙ ዳር አንድ የሎሚ ችግኝ ተከለች።

ልጆቹ ሱቅ በደረቴያቸውን አንግተው ወጡ። አንዱ ወደ ሳሪስ፣ አንዷ ወደ ቄራ፣ አንዱ ወደ ጎፋ። ማታ ሳንቲማቸውን በእናታቸው ነጠላ ላይ ያፈሳሉ። ገንዘብ ሲገባ ኩርፊያም ተከትሎ ገባ። ማን ስንት እንደሸጠ፣ ማን ስንት እንደበላ፣ ማን እንደተወደደ፣ ሁሉም በየልቡ ይቆጥር ጀመር። እመት ጦጢት ይህን አየችና ያን ድስት አስታወሰች፤ በጠርዝ ላይ ያልሟሟ ፍሬ።

ስለዚህ ደንብ አወጣች። በየቅዳሜው ማታ፣ ቡናው ሲወርድ፣ እያንዳንዱ አንድ ሎሚና አንድ ኮምጣጣ ቃል ይዞ ይመጣል። ሎሚው ለሳምንቱ ድስት ነው፤ ቃሉ ለቤቱ። “የሐሙሱ ከረሜላ አሯል” ይላል አንዱ። “ታላቅ ወንድሜ ለጓደኞቹ በነጻ አደለ” ትላለች ሌላዋ። እናትየዋም የራሷን ሎሚ ትይዛለች፤ “ሰኞ ዕለት በትንሿ ልጄ ላይ ያለ ጥፋቷ ጮኼባታለሁ።” ሰው ፊቱን ያኮሳትራል፣ ይናደዳል፣ ሦስተኛውን ቡና ይጠጣል፣ ይተኛል። እሑድ ጠዋት ቤቱ እንደ ከረሜላው ጥርት ይላል።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ። ሰባቱም አገቡ፣ ወለዱ።

በ1967 ዓ.ም. አያ አንበሶ ከዙፋኑ ወረደ፤ በቦታው ነብር ተቀመጠ። የወንጂ ስኳር የመንግሥት ሆነ፤ ትልልቁ ፋብሪካ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም እንዲሁ። የእመት ጦጢት ድስት ትንሽ ስለነበር ማንም አልነካውም። ነገር ግን ስኳር እንደ ድሮው የሚገዛ ዕቃ መሆኑ ቀረ። በቀበሌ ሱቅ በር፣ ኩፖን ተይዞ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተቆጥሮ የሚሰጥ ጸጋ ሆነ። በዚህ ጊዜ ድስቱን የያዘው የበኩር ልጇ ዝምታው ነበር። ጠንቃቃ፣ ታታሪ፣ ቃሉ በልክ የሆነ።

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው ወንድም ሎሚውን ከገበታው አኖረና ቃሉን ተናገረ። “የእኛን ኮታ አሳንሰው፣ ስኳሩን በኋላ በር ያወጡታል። ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ።” መስኮቱ ክፍት ነበር። ንፋስ ሲያልፍ ሰማ። ተንኮል አስቦ አልነበረም፤ ልማዱ ነውና አወራው። በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛው ወንድም ሱቅ በደረቴውን አንግቶ ወጣ፤ ማታ አልተመለሰም። በሳልስቱም አልተመለሰም። የት ሄደ ብሎ የሚጠየቅ አልነበረም፤ የሚጠይቅም።

ዝምታው መስኮቱን ዘጋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለቤተሰቡ አዲስ ደንብ ነገረ።

“ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ሎሚ ይዞ አይምጣ። አንድ ሰው ይበቃል። ታናሻችን ትያዘው። ለድስቱ ትጨምቅ፤ የምትለው ካላት ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ።”

እመት ጦጢት አርጅታ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። ልጇን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ፈርተህ ነው” አለችው። “አልፈርድብህም፤ እኔም ፈርቻለሁ። ግን አደራህን፣ ፍርሃትህን ደንብ አድርገህ ለልጅህ እንዳታወርሰው።”

በዚያው ክረምት አረፈች። ዕድርተኛው ቀበራት፤ ሰልስቷ ወጣ፤ ድስቱ እንደገና ተጣደ። ዝምታው የእናቱን ድስትና ማማሰያ በአደራ ጠበቀ። ያን አንዱን አደራዋን ግን አልጠበቀም።

ነብሩም በተራው በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ገበያው ተከፈተ፤ የዝምታው ልጅ ማሩም ጊዜው ደረሰ። እንደ ስሙ ነበር። ሲናገር ሰው ይወደዋል፣ ሲስቅ ባንክ ያበድረዋል። ድስቱን በብረድስት፣ ብረድስቱን በእንፋሎት በሚሠራ ማሽን ቀየረ። ከረሜላውን የሚቆርጥ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የሚጠቀልል መሣሪያ አስመጣ። እርሻ የነበረው ጀሞ በኮንዶሚኒየም ሲሞላ፣ ማሩ በየደረጃው የሚሮጠውን ልጅ ሁሉ በዓይነ ሕሊናው ደንበኛ አድርጎ ቆጠረው፤ አልተሳሳተምም። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ በሳሪስና በንፋስ ስልክ በኩል ሽቅብ መመላለስ ሲጀምር፣ የእመት ጦጢት ከረሜላ በተሳፋሪ ኪስ መሀል ከተማ ደረሰ። ንፋስም ከዚህ ወዲያ በነጻ የማያወራ ሆነ፤ በሬዲዮ በሰከንድ ተከፍሎት “ጣፋጭ፣ ጣፋጭ” ይል ጀመር።

ትልቅ ቤት አማካሪ አያጣም። እመት ቀበሮ ከረጅም ትምህርት ተመልሳ፣ መነጽሯን አድርጋ መጣች። በመጀመሪያ ያዘዘችው ቴርሞሜትር ነው። “መጽሐፉ ሽሮፑ 150 ዲግሪ ይድረስ ይላል” አለች። የመጽሐፉ ጸሐፊ የሚኖረው በባሕር ጠረፍ ነው፤ ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት አገር። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ውሃ በ92 ግድም ይፈላልና፣ የከረሜላውም ልክ አብሮ ዝቅ ይላል። ሁለት ድስት ሙሉ ከረሜላ አረረ። ምድጃ የሚያነደው ሽማግሌ በእመት ጦጢት ጊዜ እንደሚደረገው በቀዝቃዛ ውሃ ቢሞከር ይሻላል ሊል አፉን ከፈተ። ማንም ስላላየው መልሶ ዘጋው።

ሁለተኛው የቀበሮ ምክር ግሉኮስ ነበር። ወፍራም፣ ጥርት ያለ ሽሮፕ ነው፤ ከውጭ በበርሜል ይመጣል። ስኳሩ እንዳይጠራራ እንደ ሎሚ ያደርገዋል፤ ግን አይኮመጥጥም። ማሩ ቀምሶ ፊቱ በራ። “ይኸውላችሁ! የሎሚው ሥራ አለ፤ ኮምጣጣው የለም!” ለመጋዘን ቦታ ጠበበና፣ አያቱ ከወንዙ ዳር የተከለችው የሎሚ ዛፍ ተቆረጠ። ላፍቶ ይህን ስትነግረኝ ቅጠሏ አልተንቀሳቀሰም።

የቅዳሜው ቡናም ወደ አዳራሽ ገብቶ ስብሰባ ተባለ። የታሸገ ውሃ በየወንበሩ ፊት ተደረደረ። አያ ጅቦ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፤ የሚፈርም፣ የሚያስፈቅድ፣ ሪባን የሚቆርጥ ትልቅ ወዳጅ ነው። ከረሜላ በቀረበለት ቁጥር ሳይቀምስ “ግሩም!” ይላል። ጭብጨባውን ሰምተው ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

ሎሚ ያዥነት ግን በስም አልተሻረም ነበር። ታናሺቱ አክስት ስታረጅ፣ ሹመቱን የሚቀበል ጠፍቶ ለማሩ ልጅ ወረደ። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ግን “ኮምጣጤ” ይላታል። ሲያቆላምጣት መስሎት ነው።

አንድ ቅዳሜ ኮምጣጤ ከገበያ የገዛችውን አንድ ሎሚ ይዛ ተነሳች።

“አባዬ፣ ሦስት ነገር አለኝ። አንድ ኪሎ ብለን የምናሽገው ሲመዘን 950 ግራም ነው። ምድጃ ላይ የሚያድሩት ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውን አላገኙም። የድስቱን ጠርዝ የሚጠርግ ደግሞ የለም።”

አዳራሹ ሳቀ። “አይ ኮምጣጤ!” አለ አንዱ አጎቷ። አያ ጅቦ ሰዓቱን አየ። ማሩ ፈገግታውን ሳይጥል ልጁን ወደ ጥግ ጠራት።

“ልጄ፣ ይህ ቤት የሚሸጠው ጣፋጭ ነው። አንቺ እንግዳ ፊት ታኮመጥጪዋለሽ።”

“ያለ እንግዳ ስነግርህ መቼ ሰማኸኝ?”

“እንግዲያው ትንሽ ዕረፍት ብትወስጂ ይሻላል” አላት። በዚህ ቤት ሰው አይባረርም ነበር፤ ዕረፍት ይሰጠዋል።

ኮምጣጤ የቅድመ አያቷን አሮጌ ድስት ከመጋዘኑ ጥግ አንስታ ላፍቶ ሥር ሄደች። ጥቂት ስኳር፣ ጥቂት ሎሚ። ሱቅ በደረቴ አንግታ በባቡሩ ጣቢያ ደረጃ ላይ ትሸጥ ጀመር። ከረሜላዋ መጀመሪያ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ከዚያ ይጣፍጣል። ልጆች ፊታቸውን አጨማድደው “ድገሚኝ” ይሏታል።

ከዚያ የዶላር እጥረት መጣ። የግሉኮሱ በርሜል ከባንክ ወረፋ ላይ ቀረ። በዚሁ ጊዜ አያ ጅቦ ለእንቁጣጣሽ ግብዣው ትልቅ ትእዛዝ ሰጠ። “ግሉኮሱ እስኪመጣ እንጠብቅ ይሆን?” የሚል ሐሳብ በብዙ ልብ ውስጥ ነበር። ማንም አላወጣውም፤ የሎሚ ያዥ ሥራ ነዋ! ሎሚ ያዧ ደግሞ ዕረፍት ላይ ናት።

ካሜራ ተተከለ። ሦስት ትልልቅ ድስት ሙሉ ሽሮፕ በረጅሙ የእብነ በረድ ገበታ ላይ ተገለበጠ። ገበታው በሙሉ እንደ ሐይቅ አበራ፤ ጅቡም ቀበሮይቱም ፊታቸውን በላዩ አዩ። ማሩ ንግግር ጀመረ። “ከአያቴ ከእመት ጦጢት ድስት ተነስተን…” እያለ ሳለ፣ ካልተጠረገው ጠርዝ አንዲት ፍሬ ወደቀች። ከጤፍ ትንሽ ትበልጥ ይሆናል።

“ወገኖቼ፣ ወዲህ!” አለች።

ከጫፉ ነጭ ነጥብ ታየ። ነጥቡ እንደ ሻጋታ ሰፋ። ማሩ እየተናገረ ነበር፤ ያዩት ሁሉ አዩ እንጂ አልተናገሩም። ቀበሮም “ብርሃኑ ነው” አለች። ንግግሩ ሲያልቅ ጭብጨባው ገበታውን አነቃነቀውና ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አሸዋ ሆነ። አያ ጅቦ ሲያጨበጭብ የነበረበትን እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የዚያን ቀን ማታ ንፋስ ወሬውን ማንም ሳይከፍለው ከለቡ እስከ ቄራ አደረሰው።

ማሩ በእግሩ ወደ ላፍቶ ሄደ። ልጁ ድስቷን እያማሰለች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም፤ ግን የምትቀመጥበትን ድንጋይ ለቀቀችለት።

“ተመለሺ” አላት። “ቢሮ እሰጥሻለሁ። ‘የሎሚ ጉዳይ ኃላፊ’ ብዬ በደብዳቤ እሾምሻለሁ። ደመወዝሽንም አንቺው ጻፊው።”

ኮምጣጤ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች።

“አባዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? አንተ የምትለኝ ሸክሙን በደመወዝ ተሸከሚ ነው። አክስትህ ተሸክማው ጎበጠች። እኔ ተሸክሜው ሳቃችሁብኝ። የሰው ሁሉ ሎሚ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ፣ ያን ሰው ማባረር ቀላል ነው። ሃምሳውን ግን የት ታባርራለህ?”

ማሩ መልስ አላገኘም። ከሱቅ በደረቴዋ አንድ ከረሜላ አንስቶ አፉ ውስጥ ጣለ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ብዙ ቆይቶ ተፈታ። የልጅነቱ ጣዕም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ተዘግቶ፣ ቡናው በጥንቱ ቤት ተፈላ። ቤተሰቡ ብቻ አልነበረም፤ ማሽን የሚያዞሩት፣ የሚያሽጉት፣ የሚጠርጉት፣ አዟሪ ነጋዴዎችም ተጠሩ። ቢቆጠሩ ሃምሳ ሆኑ። አንድ ሎሚ ይዛችሁ ኑ ተባሉ። ቀላል አልነበረም። አንዱ አጎት ሎሚ ጠፋ ብሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ተነስቶም፣ “የእኔ ጥፋት ማሩን ከመጠን በላይ መውደዴ ነው” አለ። ኮምጣጤ ብርቱካኑን አገላብጣ አይታ መለሰችለት። “ይኼ ይጣፍጣል፣ አጎቴ። ለልጆቹ ውሰድላቸው።”

ምድጃ የሚያነደው ሽማግሌ ተነሳ። “ጠርዙን መጥረግ የተውኩት እኔ ነኝ። የተውኩትም ብጠርገውም ባልጠርገውም የሚያየኝ ስለሌለ ነው።” ሎሚውን አኖረ። አንዷ አሻጊ ስለ ሰዓቷ ተናገረች። ቀበሮ መነጽሯን አውልቃ፣ “መጽሐፉን እንጂ ከፍታውን አላነበብኩም” አለች። ማሩ መጨረሻ ላይ ተነሳ። ፈገግታው አልነበረም፤ ሰዎች ያለ ፈገግታ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

“ሚዛኑን ያጎደልኩት እኔ ነኝ” አለ። “ሳላውቅ አይደለም። ዐውቄ ነው።”

ያን ጊዜ ከጥግ ሽማግሌው ዝምታው ተንቀሳቀሰ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ንፋስም ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ዝምታው በከዘራው ተደግፎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሊዘጋው እንደሆነ ሁሉም ዐወቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ የዘጋው መስኮት ነው። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ከኪሱ አንዲት የደረቀች፣ የጠቆረች፣ ድንጋይ የመሰለች ሎሚ አወጣ። ሦስተኛው ወንድሙ በዚያ ቅዳሜ ከገበታው ያኖራት ሎሚ ናት።

መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ የወንድሙንም ስም በሙሉ ድምፁ ጠራ።

ንፋስ ስሙን ተቀበለ። ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ እስከ ላፍቶ ወሰደው። ላፍቶም ተቀብላ በሆዷ ያዘችው።

በማግስቱ ድስቱ ተጣደ። ሽማግሌው ጠርዙን ጠረገ፤ ሎሚው ተጨመቀ፤ አንድ ልጅ ጠብታ ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣለ።

“ቀጭ!”

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦው ከሌለም ሎሚ ይበቃል፤ አንድ አንድ ካመጣችሁ።